ተረትን ካዛንቺስ ማስገባት፦ የፍቅር ፋንታሲ ለመጻፍ ለተነሣችሁ ወጣቶች

እ.ኤ.አ. በ2021 ሎረን ብላክዉድ የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የተሰኘ፣ ለወጣቶች የተጻፈ የፍቅር ፋንታሲ አሳተመች። ባለታሪኳ ወጣት ደብተራ ናት። ሥራዋ በክፉ ዓይን የተያዘን ቤት ማንጻት ሲሆን፣ የምትወደው ልጅም የዚያው ቤት ባለቤትና የእርግማኑ ተሸካሚ ነው። ደራሲዋ «ጄን ኤር» የተባለውን የቆየ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወስዳ፣ የእኛን ደብተራ አስገብታበት አዲስ ታሪክ አወጣች። አበጀች እላለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ክታብ ከአንገቷ የማይለይ አያት ያሳደገችው የእኛ ልጅ ፋንታሲ ልጻፍ ብሎ ሲቀመጥ ጫካው የጀርመን፣ ቤተ መንግሥቱ የፈረንሳይ ይሆንበታል።

ዘውጉ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ»፣ የጠፋ መንታ ወንድሟን ለመፈለግ የወንድ ልብስ ለብሳ የወጣች ልጅ ታሪክ ነው፤ መጨረሻውም ከንጉሥ ጋር ጋብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ከተረት የተቀዳ የወጣቶች የፍቅር ታሪክ አይገኝም። ከዚያ ወዲህ ልብ ወለዳችን ወደ ኑሮው እውነት አደላ፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች መቼታቸውን ካዛንቺስና ቂርቆስ አድርገዋል። የሌላ ሰፈር ልጆችም በራሳችሁ ሰፈር ልትሠሩባቸው ትችላላችሁ።

አንደኛ፦ ተረቱን ከሰው አፍ ስሙ

ካዛንቺስ ተወልደው ያረጁ ሰዎችን ዛሬ ካዛንቺስ ላታገኟቸው ትችላላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄዷል። በአንድ ግቢ ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ጎረቤታሞች ተበታትነዋል። ተረቱ ደግሞ አብሯቸው ነው የሄደው። ስለዚህ መጀመሪያ የእድር ሰው ጠይቁ፤ ማን የት እንደገባ ከእድር ዳኛና ከጸሐፊው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ከተገናኛችሁ በኋላ «ተረት ይንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ሲባል ሰው የሚያስታውሰው የጦጣና የቀበሮን ነው። ይልቅ ቡናው እየተቆላ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «እማማ፣ ልጅ ሳሉ ከመሸ በኋላ አይኬድም የሚባልበት ቦታ የት ነበር?» «ስምሽን አትንገሪ ይባሉ የነበረው ለማን ነው?» «በሰፈሩ ተዋደው ሳይጋቡ የቀሩ ነበሩ? ምን ከለከላቸው?» የፍቅር ፋንታሲ ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ይወጣል። ለመቅዳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። «ተረት ተረት» ሲሉ «የመሠረት» ብላችሁ ተቀበሉ፤ «የላም በረት» እያለ የሚመልስ ቤትም አለና ተራኪው የለመደውን አስተውሉ።

የተጻፈም አለ። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ተረቶች ሰብስበው በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ኤልዛቤት ሌርድም በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍ በየክልሉ እየዞረች ብዙ ሰብስባለች። 6 ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም የክታብና የጠልሰም ሥራዎችን በዓይን ለማየት ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው። አንድ ነገር ጠብቁ፦ ተረቱ የሁሉም ነው፤ ሰብሳቢው በራሱ አጻጻፍ ያሰፈረው ጽሑፍ ግን የእሱ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ታሪኩን ውሰዱ፣ ዐረፍተ ነገሩን ተዉ።

ሁለተኛ፦ ተረቱ የሚራመድበትን መንገድ ለዩ

የአንበሳውን ጢም ተረት የማያውቅ ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ፍቅር አጣች፤ በአንዱ አተራረክ የጠላት ባሏ ነው፣ በሌላው የእንጀራ ልጇ። አዋቂ ዘንድ ሄዳ መድኃኒት ስትጠይቅ፣ «ከአንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪ» ተባለች። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ሸሸች። በማግስቱ ትንሽ ቀረበች። እያለ እያለ አንበሳው ከእጇ በላ፤ በመጨረሻም ጢሙን ነቀለች። አዋቂውም አንበሳን ያላመድሽበትን ትዕግሥት ለቤትሽ አድርጊው ብሎ ሰደዳት።

ብዙ ሰው ከዚህ ተረት ምክሩን ይወስዳል። እናንተ የምትፈልጉት ርቀቱን ነው። ተረቱን የሚያራምደው በየቀኑ በአንበሳውና በሴትዮዋ መካከል የሚያጥረው መሬት ነው፤ አንባቢ ትንፋሹን የሚውጠውም እዚያ ላይ ነው። የፍቅር ልብ ወለድ ምዕራፎችም በዚሁ ልክ ይሰፈራሉ። በምዕራፍ አንድ ልጅቱና ልጁ በመንገድ ማዶና ማዶ ይሁኑ፤ በአምስተኛው አንድ ታክሲ ውስጥ አንድ ወንበር ይጋሩ፤ እጅ ለእጅ መነካካቱ ከመጽሐፉ እኩሌታ በፊት አይድረስ። ርቀቱ በየምዕራፉ መቀነሱን፣ አንዳንዴም በድንገት መስፋቱን በወረቀት ላይ በመስመር ሥላችሁ አስቀምጡ። መስመሩ ወጣ ገባ ካላለ ሴራው ሞቷል።

ሦስተኛ፦ ቃሉን ፈልጉ

በዚህ ደረጃ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። በእኛ ትረካ ውስጥ ሰው የሚታሰረው ከአፍ በወጣ ቃል ነው። በክብረ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ንግሥቲቱን ላይደፍር፣ እሷም ከቤቱ ምንም ላትወስድ ተማማሉ፤ ቅመም የበዛበት እራት አብልቷት ሌሊት ውኃ ስትጠጣ መሐላዋ ፈረሰ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተስለውበታል፤ ያ ስለት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። መሐላ፣ ስለት፣ ግዝት፣ እርግማን፣ ምርቃት፣ አደራ፦ እነዚህ ሁሉ የተነገረ ቃል መልሶ ሰውን የሚገዛባቸው መንገዶች ናቸው። የውጭዎቹ ተረቶች የመስታወት ጫማና የተመረዘ ፖም አላቸው፤ የእኛ ባለታሪክ አፏን መክፈቷ ይበቃል።

አሁን ከመናኸሪያ እስከ ለገሃር በሚኒባስ ሂዱና ጆሮ ስጡ። «እናቴ ትሙት!» «እኔ ልሙት!» «ለኔ ያድርገው።» «አፈር ስሆን ብላ።» የአዲስ አበባ ወጣት በቀን ውስጥ የሚምለውን መሐላና የሚሰጠውን ምትክነት ቆጥሮ የሚዘልቀው የለም። ማንም ከምር አይወስደውም። ፋንታሲው የሚጀምረው ከምር የሚወስደው ኃይል ሲመጣ ነው።

በኩርላንደርና ሌስላው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን የተራራውን እሳት ተረት እንውሰድ። ታሪኩ ራሱ አዲስ አበባ ላይ ነው የተጣለው። አርሃ የተባለ አገልጋይ ሌሊቱን ሙሉ ራቁቱን ተራራ ላይ ቆሞ ሊያድር ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃ ያንን እሳት እያየ ያነጋል። ጌታው ግን እሳቱን ማየትህ መሞቅ ነው ብሎ ይክደዋል። እኔ ብጽፈው ሽማግሌውን አወጣና በቦታው ልጅቱን አስገባለሁ። ልጁ ካዛንቺስ በሚሠራ ፎቅ ላይ የሌሊት ዘበኛ ነው። ልጅቱ ከቤተሰቧ ጋር ገላን ጉራ ገብታለች። በክረምት ሌሊት ስልክ ይነጋገራሉ፦

«በረደህ?» አለችው።

«እናቴ ትሙት አልበረደኝም» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

ዝም አለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ ሳታስብበት፣ «ብርዱን ለኔ ያድርገው» አለች። የጥርሱ ድምፅ ወዲያው ቆመ። እሷ በእጇ የያዘችው ሻይ ላይ ስስ በረዶ ጋገረ።

ሴራው በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ አለ። እሷ ያለችው ስለተፈጸመ እሱ በሞቀው ቁጥር እሷ ትቀዘቅዛለች። እሱ ደግሞ በእናቱ ስም በሐሰት ምሏል፤ የዚያ ዕዳ ገና አልተከፈለም። ለእናቱ ማዳኛ የሚሆነው እውነቱን መናገር ነው፤ እውነቱን ከተናገረ ግን ብርዱ ወደ እሱ ይመለሳል። ማንም ክፉ አይደለም፤ ሁለቱም የተናገሩት ከፍቅር ነው። እናንተም ተረታችሁን ስትመርጡ «እዚህ ውስጥ ማን ምን አለ? ያለው ነገር ቢያዝበትስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልተጻፈ ወደ ሌላ ተረት እለፉ።

አራተኛ፦ ቦታውን በእግራችሁ ሂዱበት

ከለገሃር ተነሡ። በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው። የአንበሳ ጢም ፈላጊ ባለታሪክ ካለቻችሁ አንበሳው ይኸው፤ ስደትና ናፍቆትም ያውቃል። ከዚያ በስታዲየም አድርጋችሁ ወደ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያም ወደ አፍሪካ አዳራሽ ውጡ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በዚህ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የባለቀለም መስታወት ሥራ አለ፤ በውስጡም የቅኝ አገዛዝን የሚወክል ዘንዶ ተሥሏል። ንጉሥ ሆኖ ሰው ሲያስገብር ኖረ የሚባለውን እባብ፣ አርዌን፣ ከዚህ ዘንዶ ጋር ማገናኘት የእናንተ ፋንታ ነው። ቀጥሎ ፍልውሃ አለ፤ ከመሬት በታች የሚፈላ ውኃ ያለበት ከተማ ለመንፈስ ማደሪያ አይቸገርም። በሂልተን በኩል ካዛንቺስ ግቡ፤ እስከ ዑራኤል ድረስ ዝለቁ።

በመንገዱ ላይ የፈረሰውንም ጻፉ። ካዛንቺስ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሠሩበት፣ በኋላም የአዝማሪ ቤቶች ሠፈር የሆነ ቦታ ነው፤ ፈንድቃን የመሰለ ቤት ያፈራው ይህ ሰፈር ነው። በውጭዎቹ ተረቶች ውስጥ ችግረኛዋን ልጅ የምትረዳት አስማተኛ አሮጊት ናት፤ በካዛንቺስ ይህን ሥራ ለአዝማሪው ስጡት። መሰንቆውን እየገዘገዘ፣ ሌላው በሚስቅበት ግጥም ውስጥ ለእሷ ብቻ የሚገባ ወርቅ ሊቀብርላት ይችላል። ግጥሙን ግን ራሳችሁ ግጠሙ፤ የሰው ዘፈን አትውሰዱ።

ጊዜውም የእኛ ይሁን። ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ያሳተማት ሲንደሬላ 12 ሰዓት ሲደወል ትሸሻለች። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰዓት 6 ነው፤ ሌሊቱ ገና አላለቀም። 12 ሰዓት ብላችሁ ቀጠሮ ብትሰጧት የምትሸሸው ከንጋት ነው፤ ወያላው «መገናኛ! መገናኛ!» ማለት ሲጀምር፣ ቅዳሴና አዛን ከተሰማ በኋላ። ጳጉሜንንም አትርሱ። ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ሰማይ ይከፈታል ተብሎ ሕፃናት በዝናብ ይታጠባሉ። ጳጉሜን 6 ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ ናት፤ በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመለሳለች። በዚያች ቀን ብቻ የሚከፈት በር ቢኖር፣ በ15 ዓመታቸው የተለያዩ ልጆች የሚገናኙት በ19 ዓመታቸው ነው። ለወጣቶች መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ዕድሜ የለም።

አምስተኛ፦ ለምትሃቱ ሕግ አውጡ

ምትሃት ሁሉን የሚችል ከሆነ አንባቢ አይጨነቅም። ሕጉን ከባህሉ ውሰዱ። ለምሳሌ ክታብ የሚጻፈው በባለቤቱ የክርስትና ስም ነው፤ የክርስትና ስም ለማንም የማይነገረውም ድግምት እንዳይደረግበት ተብሎ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ለወደዳት ልጅ የክርስትና ስሙን ሲነግራት ከ«እወድሻለሁ» የሚበልጥ ነገር ሰጣት ማለት ነው። ጥቅል ክታብ ደግሞ በልማዱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲተካከል ይደረጋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ። በሕፃንነቷ የተጻፈላት ልጅ 17 ዓመት ሲሞላት ከክታቧ ረዝማለች። የተረፈውን ቁመቷን ማን ይጠብቀዋል? ይህን ጥያቄ በነጻ ሰጥቻችኋለሁ፤ ተጠቀሙበት።

መስተፋቅር ለዚህ ዘውግ የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን የሰውን ፈቃድ የሚነጥቅ ነገር ነው። የሚያደርገው ሰው ፍቅር አላገኘም፤ ታሪኩም ይህን ይወቅ። ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው ቡዳ ነው። ሰው ማታ ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት ለፋንታሲ ቢጥምም፣ በእውነተኛው ኑሮ ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቤተ እስራኤልን ሲያስገልል የኖረ ስድብ ነው። ከተጠቀማችሁበት ከተሰደበው ወገን ቆማችሁ ጻፉ፤ ባለሙያን ጭራቅ ማድረግ ክልክል ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ታሪኮችንም በልኩ ያዙ። ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ለሰፈሩ ሰው ጸሎት እንጂ ተረት አይደሉም፤ ደወሉ በመጽሐፋችሁ ይሰማ፣ ገድላቸውን ግን አትቀይሩ።

ስድስተኛ፦ ፍቅሩን በሕጉና በይሉኝታው መካከል አስኪዱት

ከውጭ የሚመጡ ብዙ የፍቅር ፋንታሲዎች «ውቢትና አውሬው»ን ይከተላሉ፦ ልጅቱ በግድ ተወስዳ ከቆየች በኋላ ወሳጇን ትወዳለች። ይህን እዚህ አገር አትጻፉ። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ጠለፋ ይባላል፤ ወንጀል ነው፤ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው ልጅ እውነተኛ ታሪክ በ2006 ዓ.ም. በወጣው «ድፍረት» ፊልም ላይ ቀርቧል። እህቷ ወይም አክስቷ የተጠለፈችባት አንባቢ መጽሐፋችሁን ልትገዛ ትችላለች። ባለታሪኳ አውሬው ቤት ብትገባ እንኳ በራሷ ቃል ገብታ፣ በራሷ ቃል ትውጣ። የተረቱን የ14 ዓመት ሙሽራም አትቅዱ፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል።

ለፍቅሩ እንቅፋት ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ይሉኝታ፣ የእናት ዓይን፣ የጎረቤት ወሬ፣ የታላቅ ወንድም ቁጣ ከማንኛውም ዘንዶ የከበዱ ጠባቂዎች ናቸው። በንግግሩም አማርኛ ራሱ ይረዳችኋል። እንደ ጦቢያ ወንድ መስላ የምትሄድ ልጅ ካለቻችሁ ሁሉም «አንተ» ይላታል፤ ልጁ ምስጢሩን የደረሰበት ዕለት ሳያስበው «አንቺ» ብሎ ያምልጠው። ረጅም የመገለጥ ትዕይንት አያስፈልጋችሁም። ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው እንደ ሰፈር ልጅ ይቀላለዱ፤ ለትልቅ ሰው «እትዬ» እና «ጋሼ» ይበሉ፤ ከመጽሐፍ የወጣ አማርኛ እንዲናገር የሚፈቀድለት መንፈሱ ብቻ ነው።

ሰባተኛ፦ ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ሳትመለሱ ጻፉ። ከዚያ ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ስልካቸውን ያነሡበትን ገጽ ምልክት አድርጉና እዚያ ቁረጡ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለአሥርተ ዓመታት በቴሌቪዥን የአገሩን ሕፃን ሁሉ ይዘው የቆዩት ተረቱ በጆሮ የሚገባ ስለነበረ ነው። በጆሮ የሰለቸ ዐረፍተ ነገር በዓይንም ይሰለቻል።

ሲያልቅ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት፣ ተረቱን የነገሯችሁ እናት ወይም አባት ዘንድ ተመለሱ። ገላን ጉራም ቢሆን ሂዱ። ያደረጋችሁትን ለውጥ ንገሯቸው፤ ቅር ያላቸውን ስሙ። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ አስፍሩ፤ መጽሐፉ ሲወጣም የመጀመሪያውን ቅጂ ለእነሱ አድርሱ።